የመጣ ሐሳብ ሁሉ እውነት አይደለም

ለምእመናንና ለካቴኪስቶች የተዘጋጀ ትምህርት



በአገራችን አንድ ሰው ፊቱ ጠቁሮ፣ ከምግብ ተቆጥቦ፣ ከሰው ተለይቶ ሲታይ «ሐሳብ ገብቶታል» ይባላል። ሁኔታው ሲብስበትም «በሐሳብ አለቀ» ተብሎ ይታዘንለታል። ይህን አነጋገር ያቆዩልን አባቶችና እናቶች አንድ ትልቅ ነገር አስተውለዋል፤ ይኸውም ሰውን ከደረሰበት መከራ ሌላ፣ ስለ መከራው በልቡ የሚያመላልሰው ሐሳብም ራሱን ችሎ ሊጎዳው የሚችል መሆኑ ነው። የዚህ ትምህርት ዓላማ እንዲህ ያለው ሐሳብ እንዴት እንደሚታወቅ፣ እንዴት እንደሚመረመርና እንዴት እንደሚቃና ማሳየት ነው።

ጉዳዩ በስሜን ተራሮች ግርጌ ለሚኖሩት ለደባርቅና ለዳባት ሰዎች የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የግጭ መንደር ሰዎች የአባቶቻቸውን ቀዬ ለቅቀው በደባርቅ ከተማ ዳር ሰፈሩ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ከጎብኚዎች ጋር ተራራ በመውጣት ይተዳደሩ የነበሩት አስጎብኚዎች፣ በቅሎ ነጂዎችና ምግብ አብሳዮች ሥራ ፈቱ። ይህ ሳይበርድ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ እስከ ደባርቅና ዳባት አካባቢ ደረሰ፤ በነሐሴ ወር ማብቂያም በዳባት አቅራቢያ በምትገኘው በጭና ተክለ ሃይማኖት ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የተነሣው ግጭት ደግሞ ገና ያልሻረውን ቁስል እንደገና ነካው። እንዲህ ባለ ምድር ስለ ሐሳብ መናገር ጥንቃቄን ይጠይቃል።

1. ኀዘን ሌላ፣ ሐሰተኛ ፍርድ ሌላ

ስለዚህ ገና ከመነሻው አንድ ነገር መለየት ይገባል። ልጇን የቀበረች እናት ብታለቅስ ሐሳቧ ተዛብቷል አይባልም። በመንገድ ላይ አደጋ መኖሩን ሰምቶ ጉዞውን የሚያዘገይ ነጋዴ ጠንቃቃ እንጂ ፈሪ አይደለም። ውርጭ ገብሱን የመታበት ገበሬ ቢጨነቅ የሚያስጨንቅ ነገር ስለ ደረሰበት ነው። እንዲህ ላለው ሰው «ሐሳብህን ለውጥ» ብሎ መስበክ በቁስል ላይ ጨው መነስነስ ይሆናል።

ትምህርታችን የሚመለከተው ከእውነተኛው ኀዘን ጎን ሳይጠራ ገብቶ የሚቀመጠውን ሐሰተኛ ፍርድ ነው። ያቺ እናት «ልጄ ሞተብኝ» ስትል የሆነውን ነገር ትናገራለች። «የገደልሁት እኔ ነኝ፤ በዚያ ቀን ከብት መልስ ብዬ ባልልከው ኖሮ ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር» ስትል ግን በሆነው ነገር ላይ ፍርድ ጨምራለች። ኀዘን ሰው ሲያጽናናውና ጊዜ ሲያልፍ ቀስ በቀስ ይቀላል። ሐሰተኛው ፍርድ ግን ካልተመረመረ በየሌሊቱ ይታደሳል፤ ኀዘኑም እንዳይቀል ደጁን ይዘጋበታል።

2. ትምህርቱ ከየት መጣ?

ሰው የሚታወከው በነገሩ ብቻ ሳይሆን ስለ ነገሩ በሚሰጠው ፍርድ ነው የሚለው ትምህርት ጥንታዊ ነው። ከባርነት ወጥቶ ፈላስፋ የሆነው ኤጲክጤጦስ በአንደኛውና በሁለተኛው መቶ ዓመት መካከል ይህን ያስተምር ነበር። በእኛ ዘመን ወደ ሕክምና ያመጡት ደግሞ በተለይ ሁለት አሜሪካውያን ናቸው።

አንደኛው እ.ኤ.አ. ከ1913 እስከ 2007 የኖረው የሥነ ልቡና ሊቅ አልበርት ኤሊስ ነው። ኤሊስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ባቀረበው ትምህርት፣ ብዙው የሰው ጭንቀት «የግድ» ከምትለው ቃል እንደሚነሣ አሳየ፤ እኔ የግድ ሁሉን ማሳካት አለብኝ፣ ሰዎች የግድ በደግነት ሊቀበሉኝ ይገባል፣ ኑሮም የግድ እንዳሰብሁት መሄድ አለበት የሚሉትን ማለቱ ነው።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 2021 የኖረው ሐኪሙ አሮን ቤክ ነው። በዘመኑ የነበሩ ብዙ ሐኪሞች የድባቴ ሕመም ሰው ወደ ራሱ ያዞረው ቁጣ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ቤክ ይህን ለማረጋገጥ የሕመምተኞቹን ሕልም ሲመረምር ያገኘው ቁጣን ሳይሆን የማጣትንና የመሸነፍን ስሜት ነበር። ሕመምተኞቹም ከእርሱ ጋር እየተነጋገሩ ሳሉ ሳይጠሩት የሚመጣ፣ እንደ ብልጭታ የሚያልፍ ሌላ ሐሳብ በውስጣቸው እንደሚሮጥ አስተዋለ። ያ ሐሳብ ስለ ራሳቸው «አልረባም»፣ ስለ ዓለም «ሁሉ ክፉ ነው»፣ ስለ ወደ ፊቱ ደግሞ «ተስፋ የለም» ይላቸው ነበር። ቤክ ከሕመምተኞቹ ጋር ሆኖ ይህን ሐሳብ በማስረጃ መመርመር ጀመረ፤ ከዚያ የተነሣው ሕክምና ዛሬ በመላው ዓለም ይሠራበታል።

3. በመካከላችን የሚታዩ የተዛቡ ሐሳቦች

ሀ. ከአንዱ ተነሥቶ በሁሉ ላይ መፍረድ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው ምሳሌ ይህን ይገልጸዋል። የተኩስ ድምፅ በሰማ ሰው ልብ ውስጥ የመኪና ጎማ ሲፈነዳ ድንጋጤ ቢነሣ ይህ የሰውነት ጠባይ ነው፤ አያሳፍርም። ነገር ግን ከድንጋጤው በኋላ «ከእንግዲህ ሰላም የሚባል ነገር በጭራሽ አይኖርም» የሚለው ፍርድ ይከተላል። ሁልጊዜ፣ በጭራሽ፣ ማንም፣ ሁሉም፣ አበቃ የሚሉት ቃላት በሐሳባችን ውስጥ ሲበዙ ልጡ እባብ መስሎ እንደ ሆነ መጠርጠር ይገባል።

ለ. በራስ ላይ ስም መለጠፍ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። በእነዚያ ዓመታት ፈተናው ያልሆነለት ወጣት «እኔ ደንቆሮ ነኝ፤ ለቤተ ሰቤ ውርደት ነኝ» ብሎ ቢቀመጥ፣ ከመቶ ተፈታኝ ከ96 በላይ የሚሆኑት አብረውት መውደቃቸውን ዘንግቷል። «ፈተናውን አላለፍሁም» ማለት እውነት ነው፤ «ከንቱ ነኝ» ማለት ግን አንዱን ቀን የዕድሜ ልክ ስም ማድረግ ነው።

ሐ. የሰውን ልብ አውቃለሁ ማለት። በደባርቅ ገበያ አንዲት ወዳጅ ሰላም ሳትል ብታልፍ «ጠልታኛለች፤ ሰው ነግሯት ነው» ይባላል። ምናልባት አላየችም ይሆናል፤ ወይም ቤቷ የታመመ ትታለች። ከዚህ ዓይነቱ ግምት የተነሣ ስንት ጉርብትና ፈርሷል? ስንት ሰውስ ያለ ምስክር በቡዳነት ተጠርጥሯል?

መ. ስሜትን እንደ ማስረጃ መቁጠር። «ልቤ ነግሮኛል» ስንል የፈራነውን ነገር እንደ ተፈጸመ እንቆጥረዋለን። «የፈሩት ይደርሳል» የሚለው አባባልም ይህን ያበረታታል። ነገር ግን እያንዳንዳችን ወደ ኋላ ብንመለከት ከፈራነው መካከል ያልደረሰው እጅግ ብዙ ነው። ፍርሃት መፍራታችንን ይናገራል እንጂ ነገሩ መድረሱን አያረጋግጥም።

ሠ. በማያዙበት ነገር ራስን መክሰስ። ስለ ልጇ የተናገርናት እናት ለዚህ ምሳሌ ናት። ሰው ከሆነ በኋላ ያወቀውን ነገር ከመሆኑ በፊት ያውቅ እንደ ነበረ አድርጎ ራሱን ይከስሳል።

ረ. «የግድ» የሚለው ቀንበር። ጎብኚ የቀረበት አስጎብኚ «ወንድ ልጅ የግድ ቤቱን በራሱ ላብ ብቻ ማስተዳደር አለበት፤ አለዚያ ወንድ አይደለም» ቢል፣ በማጣቱ ላይ እፍረትን ይደርብበታል። ወረርሽኙንም ጦርነቱንም ያመጣው እርሱ አይደለም። ሚስቱ ጠላ ጠምቃ ቤቱን ብትደጉም ያ ቤት ተደግፎ ቆመ ማለት እንጂ ተዋረደ ማለት አይደለም።

4. ሐሳብን በሽምግልና መዳኘት

ብዙ ጊዜ ለተጨነቀ ሰው «አታስብ» እንላለን። ቃሉ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ነገር ግን ሰው አንድን ነገር አላስብም ብሎ ቢታገል ያው ነገር ይብሱን ይመለስበታል። የሚሻለው ሐሳቡን ማባረር ሳይሆን ወደ ፍርድ ማቅረብ ነው። ለዚህም እኛ ጥሩ ልማድ አለን። በአገር ሽማግሌዎች ፊት አንዱ ወገን ብቻ ተናግሮ አይፈረድም፤ ከሳሽ ይናገራል፣ ተከሳሽ ይመልሳል፣ ምስክር ይሰማል፣ ከዚያ በኋላ ይፈረዳል። በልባችን ውስጥ ግን ከሳሹ ራሱ ምስክርም ዳኛም ሆኖ ሲቀመጥ ዝም ብለን እናያለን። ስለዚህ የሚከተሉትን አምስት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ማቅረብ ይጠቅማል።

አንደኛ፦ ሐሳቡ በትክክል ምን ይላል? በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገር፤ የሚችል ይጻፈው።

ሁለተኛ፦ ምስክሩ ማን ነው? ያየሁትና የሰማሁት ነው ወይስ የገመትሁት?

ሦስተኛ፦ በተቃራኒው የሚመሰክር ነገር የለምን?

አራተኛ፦ ይህ ነገር በምወደው ሰው ላይ ቢደርስ እንዲህ ብዬ እፈርድበት ነበርን?

አምስተኛ፦ ሁለቱንም ወገን ያዳመጠ ፍርድ ምን ይላል? ዛሬስ ምን ትንሽ ሥራ ልሥራ?

ይህ አሠራር እንዴት እንደሚሄድ በምሳሌ እንመልከት። አንድ ካቴኪስት ከላይ የተናገርናትን እናት ሊጠይቃት መጣ እንበል። ብዙ ጊዜ አብሯት ከተቀመጠና ልቅሶዋን ከሰማ በኋላ እንዲህ ይላታል።

«እናቴ፣ በዚያ ጧት ወደዚያ በኩል ተኩስ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር?»

«ልጄ፣ ማን ያውቅ ነበር? ሁልጊዜም እልከው ነበር፤ በደኅና ይመለሳል።»

«የጎረቤትዎ ልጅስ አብሮት አልነበረም?»

«አብረው ሄዱ፣ አብረው ቀሩ።»

«ታዲያ እናቱን ‹የገደልሽው አንቺ ነሽ› ብለዋት ያውቃሉ?»

«እኔ? እግዚአብሔር ያውጣኝ! ምስኪን፣ እሷ ምን አጠፋች?»

«እንግዲያው ለእርሷ የሰጡትን ፍርድ ለራስዎ ስለ ምን ነፈጉ?»

ካቴኪስቱ በዚህ ላይ ዝም ማለት አለበት። መልሱን ፈልጋ የምታገኘው እርሷ ናት። ምናልባት በሌላ ቀን እንዲህ ትል ይሆናል፤ «ልጄን እወደው ነበር፤ እንደ ወትሮው ላክሁት፤ የገደሉት የተኮሱት ናቸው፤ የእኔ ድርሻ ኀዘን ነው እንጂ በደል አይደለም።» ይህን ስትል ልጇ አይመለስም፤ እንባዋም ወዲያው አይደርቅም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የምታለቅሰው ለልጇ ነው፤ ራሷን ለመክሰስ አይደለም። በዚህ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይምሰለን፤ አንዱ ልቅሶ ሰውን ወደ ሰው ይመልሰዋል፣ ሌላው በቤቱ ያስረዋል።

5. ነቢዩ ኤልያስ በክትክታ ዛፍ ሥር

ለካቴኪስቶች ይህን ትምህርት በቅዱሳት መጻሕፍት ለማሳየት ከሁሉ የሚቀርበው በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 የሚነበበው የኤልያስ ታሪክ ነው። ነቢዩ ሞትን ሸሽቶ ወደ ምድረ በዳ ገባና በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ መሞትን ለመነ። አደጋው እውነተኛ ነበር፤ ንግሥቲቱ ልታስገድለው ዝታበታለችና። ነገር ግን በእውነተኛው አደጋ ላይ አንድ እውነት ያልሆነ ነገር ጨመረ፤ ይኸውም ከታማኞች ሁሉ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ ማለቱ ነው።

እግዚአብሔር እንዴት እንዳከመው እናስተውል። በመጀመሪያ አልተቆጣውም፤ አልመከረውምም። እንቅልፍ ሰጠው፤ በመልአኩም እጅ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ ይህንም ሁለት ጊዜ አደረገ። ከዚያ በኋላ በኮሬብ ተራራ የልቡን እንዲናገር ጠየቀው፤ የተናገረውንም ሁለት ጊዜ ሰማው። ቀጥሎ የሚሠራው ሥራ ሰጠው፣ ረዳት የሚሆነውንም ኤልሳዕን አመለከተው፣ በመጨረሻም «ብቻዬን ቀረሁ» የሚለውን ሐሳብ በቍጥር መለሰለት፤ ለበኣል ያልሰገዱ 7,000 ሰዎች ነበሩና። ምግብና ዕረፍት፣ መደመጥ፣ ሥራ፣ ባልንጀራ፣ ማስረጃ፤ ቅደም ተከተሉ ለእኛም ይሠራል። የተራበውንና እንቅልፍ ያጣውን ሰው በማስረጃ ለመርታት የሚቸኩል ሰው ከመጨረሻው ጀምሯል።

በተጨማሪም የቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ መንፈሳዊ ልምምድ፣ ሰው ነፍሱ በጨለመባት ጊዜ ቀድሞ በብርሃን ሳለ የወሰነውን ውሳኔ እንዳይለውጥ ይመክራል። መሬቱን ለመሸጥ፣ ትዳሩን ለመፍታት ወይም አገር ጥሎ ለመሄድ በጭንቀት ሌሊት ለሚወስን ሰው ይህ ታላቅ ምክር ነው።

6. ይህን ማን ሊያደርገው ይችላል?

«ይህ የሐኪም ሥራ ነው፤ እኛ ምን አገባን?» የሚል ይኖር ይሆናል። በአገራችን የአእምሮ ሐኪሞች ጥቂቶች ስለ ሆኑ፣ ሁሉ ሐኪም እስኪያገኝ ቢጠበቅ ብዙ ሰው ይጎዳል። ከሌሎች አገሮች የተገኘው ልምድ ግን የሚያበረታታ ነው። በፓኪስታን ገጠር የመንደር ሴት የጤና ሠራተኞች ድባቴ የያዛቸውን እናቶች ቤታቸው እየሄዱ የተዛባ ሐሳባቸውን እንዲያቃኑ እንዲረዱ ሠለጠኑ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው፣ ልጆቻቸው ስድስት ወር በሞላቸው ጊዜ በዚህ መንገድ ከተረዱት እናቶች መካከል ድባቴው ያልለቀቃቸው 23 በመቶ ሲሆኑ፣ ይህን ርዳታ ካላገኙት መካከል ግን 53 በመቶ ነበሩ።

በዚምባብዌ ደግሞ ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም አረጋውያን እናቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያዎች ግቢ ባሉ አግዳሚ ወንበሮች ላይ የተጨነቁ ሰዎችን እንዲያዳምጡና ችግራቸውን ከፋፍለው እንዲፈቱ እንዲረዷቸው አደረገ። የአገሩ ሰዎች ሕመሙን የሚጠሩት ሐሳብ ማብዛት የሚል ትርጉም ባለው ቃል ነው፤ ከእኛው «ሐሳብ ገብቶታል» ጋር ምን ያህል ይቀራረባል! እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ጥናት ከስድስት ወር በኋላ የድባቴ ምልክት የታየባቸው፣ ከእነዚህ እናቶች ጋር ከተቀመጡት 14 በመቶ ያህል፣ የተለመደውን ርዳታ ብቻ ካገኙት ግን 50 በመቶ ያህል ነበሩ።

እነዚህ ሴቶች ሥልጠናና የሚቆጣጠራቸው ባለሙያ ነበራቸው። ካቴኪስትም ሥልጠና ሳያገኝ ራሱን ሐኪም ማድረግ የለበትም። ነገር ግን መቀመጥ፣ ማዳመጥ፣ መጠየቅና ወደሚረዳ ሰው ማድረስ ከእርሱ ይጠበቃል።

7. ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

የተጨነቀውን ሰው «እምነትህ ስላነሰ ነው» አንበለው፤ ኤልያስ እምነት አላነሰውም። ምስጢሩን ለሌላ አናውራ። በክርክር ልንረታው አንሞክር፤ ተሸንፎ ዝም ያለ ሰው አልተጽናናም።

ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ የከለከለው፣ ሥራውን መሥራት ያቃተው፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ወይም መሞት እንደሚሻለው የሚናገር ሰው ሲያጋጥመን ነገሩን በምክር ብቻ ልንይዘው አይገባም። በተለይ ስለ መሞት የሚናገረውን ብቻውን ሳንተው፣ ከቤተ ሰቡ ጋር ሆነን ወዲያውኑ በደባርቅ ወይም በዳባት ወዳለው የጤና ተቋም እንውሰደው፤ ከዚያም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። ጸበል የሚጠመቅም ቢሆን መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ እንምከረው።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ሐሳብ ወደ ልባችን ሲመጣ እንደ እንግዳ ይምጣ፤ ስሙን ጠይቀን፣ ከየት እንደ መጣ መርምረን እናስገባው እንጂ የቤቱ ጌታ አናድርገው። የደረሰብንን መከራ ልንለውጠው አንችል ይሆናል፤ በመከራው ላይ የሚጨመረውን ሐሰተኛ ፍርድ ግን ልንመረምረው እንችላለን። ብቻችንን ካቃተንም ሽማግሌ ብቻውን አይቀመጥምና አንዱ ለሌላው ምስክር ይሁነው።

የውይይት ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ «ልቤ ነግሮኛል» ተብሎ ያለ ምስክር የተፈረደበት ጊዜ ታውቃላችሁን? ስም ሳትጠሩ ተወያዩበት።

2. እውነተኛ አደጋን መጠንቀቅና በፍርሃት መታሰር በምን ይለያሉ?

3. ባለፈው ሳምንት የመጣባችሁን አንድ ከባድ ሐሳብ በአምስቱ ጥያቄዎች መርምሩ። ፍርዱ ተለወጠን?

4. በቁምስናችሁ ወይም በእድራችሁ ኀዘንተኛን ከሰልስት በኋላ የሚጠይቀው ማን ነው? ማንም ከሌለ ማን ይመደብ?